አራት የዋሻ ሰዎችና አንድ ጉጉት፦ የ1953ቱን የዲዝኒ የሙዚቃ ካርቱን ከልጆቼ ጋር ሳየው

ሕፃናትን ከሙዚቃ ጋር እናስተዋውቃለን የሚሉ የካርቱን ፊልሞች ዛሬ ስልክ ባለበት ቤት ሁሉ ሞልተዋል። በእኛ ቤትም የሰባት ዓመቱ ወንድ ልጄና የአራት ዓመቷ ሴት ልጄ ብዙዎቹን አይተዋል፤ አብዛኞቹንም አንዴ አይተው ረስተዋቸዋል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሳይሰለቹ «ድገምልን» የሚሉኝ ግን ከእኔም ከእናታቸውም በዕድሜ የሚበልጥ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ አንድ አሮጌ ፊልም ነው። ሥራዬ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል መሣል በመሆኑ ፊልሙን ያየሁት ሁለት ሰው ሆኜ ነው፤ አንደኛው ልጆቹ ከሙዚቃው ምን እንደያዙ የሚከታተል አባት፣ ሁለተኛው ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ በስንት መስመር እንደተሣሉ የሚቆጥር ሠዓሊ። ግምገማውም ከሁለቱም ወገን የመጣ ነው።

ፊልሙ «ቱት፣ ዊስል፣ ፕለንክ ኤንድ ቡም» ይባላል። የዎልት ዲዝኒ ስቱዲዮ በ1953 ለሲኒማ ቤቶች ያወጣው ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አዘጋጆቹ ዋርድ ኪምቦልና ቻርልስ ኒኮልስ ናቸው፤ የቀለሙን አጣጣል የወሰነው ደግሞ ከስድስት ዓመት በኋላ በወጣው «ስሊፒንግ ቢዩቲ» ላይ ባሉት የጀርባ ሥዕሎች ይበልጥ የታወቀው አይቪንድ ኧርል ነው። በዘርፉ የአጭር ካርቱን ኦስካር አግኝቷል። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ ጉጉት መምህርነት የቀረበ «ሜሎዲ» የሚባል ሌላ አጭር ፊልም ወጥቶ ነበር፤ እሱን ግን ልጆቼ ብዙም አልወደዱትም፣ እኔም አልፈርድባቸውም። እኛ ጋ ያለው ቅጂ በ2005 «ዲዝኒ ሬሪቲስ» በሚል ስም ከታተመው የዲቪዲ ስብስብ ውስጥ ያለው ነው፤ የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ ሲመጣ ያገለገለ ገዝቶ ያመጣልን።

ታሪኩ አጭር ነው። መነጽር ያደረገ ጉጉት ፕሮፌሰር እየተጣደፈ ወደ መማሪያ ክፍል ይገባል፤ ተማሪዎቹ ወፎች ናቸው፤ ትምህርቱም ሙዚቃ ሁሉ ከአራት ድምፆች እንደሚነሣ የሚያስረዳ ነው። ከዚያ አራት የዋሻ ሰዎች ይመጣሉ፦ አንዱ የከብት ቀንድ ይነፋል፣ አንዱ በሣር ቅጠል ያፏጫል፣ አንዱ የቀስቱን ጅማት ይነካካል፣ አንዱ ደግሞ ይደልቃል። ፊልሙ ከእያንዳንዳቸው ተነሥቶ የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎችን፣ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎችን፣ የክር መሣሪያዎችንና የምት መሣሪያዎችን የዘር ሐረግ ይቆጥራል፤ በመጨረሻም አራቱ ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው በትልቅ ኦርኬስትራ መካከል ይታያሉ። የሙዚቃ መሣሪያዎችን ምደባ ለአራት ዓመት ልጅ ማስተማር ሲታሰብ ደረቅ ነገር ይመስላል፤ እዚህ ያልደረቀው ግን እያንዳንዱ ምድብ ፊትና እግር ስላለው ነው። ልጄ «የናስ ትንፋሽ መሣሪያ» የሚለውን ሐረግ አታውቀውም፤ «የቀንዱ ሰውዬ ልጆች» ስትል ግን ትራምፔቱንም ትሮምቦኑንም ማለቷ ነው፣ ተሳስታም አታውቅም።

ወደ አሣሣሉ ልግባ። ዲዝኒ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚታወቀው ክብ ክብ ባሉ አካላት፣ ብርሃንና ጥላ በተላበሱ መልኮችና የእውነተኛ እንስሳን አካሄድ በሚመስል እንቅስቃሴ ነበር። በዚህ ፊልም ያሉት ሰዎች ግን ጠፍጣፋ ናቸው፤ ጥላ የላቸውም፣ ውፍረት የላቸውም፣ ጥግ ጥግ ያለውን ወረቀት ቆርጦ ባለቀለም ሰሌዳ ላይ የለጠፋቸው ሰው ያለ ይመስላል። ከኋላቸው ያለውም ሥፍራ ርቀትና ጥልቀት ለማስመሰል አይደክምም። ይህ ዘይቤ በዲዝኒ ቤት የተወለደ አይደለም። በ1941 በስቱዲዮው የሥራ ማቆም አድማ ከተደረገ በኋላ የወጡ ሠዓሊዎች ዩ.ፒ.ኤ. የተባለውን ስቱዲዮ ለማቆም በቅተው ነበር፤ ያ ስቱዲዮ በ1950 ያወጣው፣ በቃል ፋንታ የዕቃ ድምፅ ብቻ ከአፉ ስለሚወጣ ልጅ የሚተርከው «ጄራልድ ማክቦይንግ ቦይንግ» ኦስካር ሲያገኝ፣ ጥቂት መስመርና ጥቂት እንቅስቃሴ በቂ መሆናቸው ለሁሉም ታየ። ዲዝኒ ከቤቱ የወጡት ሰዎች ያሳደጉትን መልክ በዚህ ፊልም መልሶ ወደ ቤቱ አስገባው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ዛሬ ይህን መልክ «ሬትሮ» እያልን የምንወደው ለውበቱ ነው። እኔ ግን ከልጆቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ሳየው የገባኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው፤ ሙሉ እንቅስቃሴ የሚሹ ሠዓሊዎች ገጸ ባሕርዩ ዝም ባለበት ጊዜ እንኳን እንዲተነፍስ፣ ዓይኑን እንዲያርገበግብ፣ ትከሻውን እንዲያነሣ አድርገው በየፍሬሙ ወይም በየሁለት ፍሬሙ አዲስ ሥዕል ይሥላሉ። በዚህ ፊልም ያሉት የዋሻ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ይቆማሉ። ቀንዱ ሲጮኽ ነው ጉንጭ የሚነፋው፤ ጅማቱ ሲነካ ነው እጅ የሚንቀሳቀሰው። በመሆኑም ሕፃኑ የትኛው እንቅስቃሴ የትኛውን ድምፅ እንዳመጣ ለማወቅ መፈለግ አያስፈልገውም፤ በማያ ገጹ ላይ የተነቃነቀው ያ ብቻ ነውና።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ ማታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። ልጄ ሶፋው ላይ ተንበርክካ፣ የሣሩ ሰውዬ ከንፈሩን ባሾለ ቁጥር «ፊው»፣ የቀስቱ ሰውዬ ጣቱን ባነሣ ቁጥር «ድንን» እያለች አብራ ትጫወት ጀመር። አንድም ጊዜ ቀድማው አልሄደችም፣ ወደ ኋላም አልቀረችም። ወንድሟ «አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ነኝ ቡም» ብሎ ትራሱን መደብደብ ስለጀመረ ሙከራው በዚያው አበቃ፤ እኔ ግን የምፈልገውን አግኝቼ ነበር።

በማግስቱ ያንኑ ሙከራ በስልክ ባገኘነው አንድ አዲስ ካርቱን ላይ ደገምኩት። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ እንደ እሱ ያሉት ብዙ ናቸው። የ1920ዎቹን መልክ ለብሷል፦ ክርን የሌላቸው እንደ ጎማ የሚለጠጡ ክንዶች፣ ነጭ ጓንት፣ ሆን ተብሎ የተጨመረ የአሮጌ ፊልም ጭረት። ችግሩ ዋሽንቱም፣ ከበሮውም፣ ፒያኖውም፣ ከኋላ ያለው ዛፍም በአንድ ምት አብረው ይዘላሉ። ድምፁን ሳጠፋው ልጄ ትንሽ አይታ «የቱ ነው የሚዘፍነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም መልሱን አላወቅኩትም። ጥፋቱ የጎማ ክንዱ ነው ማለቴ አይደለም። ዲዝኒ ራሱ በ1929 ባወጣው «ዘ ስኬሌተን ዳንስ» ውስጥ አጽሞች በዚያው ዘመን አሣሣል ይጨፍራሉ፤ አንዱ የሌላውን የጀርባ አጥንትና ጎድን እንደ ሳይሎፎን ሲመታ ግን ምቱና ድምፁ አብረው ነው የሚወርዱት። አዲሶቹ ከዚያ ዘመን ጭረቱን ወስደው ምቱን ትተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ተገቢ ይመስለኛል። ልጆችን ከኦርኬስትራ ጋር ለማስተዋወቅ ከተሠሩት ሁሉ የታወቀው የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭ በ1936 የደረሰው «ፒተርና ተኩላው» ነው፤ በእሱ ውስጥ ወፏ ፍሉት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቷ ክላርኔት፣ አያትየው ባሱን፣ ተኩላው ደግሞ ሦስት ሆርኖች ናቸው። ያ ሥራ ጆሮን ያሠለጥናል፤ ልጁ ድምፅን ከድምፅ መለየት ይማርበታል። የጉጉቱ ፊልም ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ዕቃ ለምን ይጮኻል? የሰባት ዓመቱ ልጄ ዕቃ ሁሉ እየፈታ የሚያይ ስለሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይጥመዋል።

ከፊልሙ ሁሉ የተዋጣለት ክፍል የቀንዱ ነው። የዋሻው ሰው ቀንዱን ከነፋ በኋላ ፊልሙ ወደ ጥንታዊት ግብፅ ይዘልና ቀንዱ ብረት ይሆናል፤ ከዚያ ሮም ውስጥ አንድ ነፊ ከዓምድ ጋር ተላትሞ ረጅሙ መለከቱ ይጣመማል። ሰውዬው ደንግጦ መልሶ ሲነፋው ድምፁ ያው ነው። ጉጉቱ ከዚህ ተነሥቶ ድምፁን የሚለውጠው የቱቦው ርዝመት እንጂ ቅርጹ እንዳልሆነ፣ አንድ ቀላል ዜማ ለመጫወትም የተለያየ ርዝመት ያላቸው ብዙ ቀንዶች እንደሚያስፈልጉ፣ ቫልቭ፣ ማለትም ሲጫኑት የቱቦውን ርዝመት የሚለውጥ ቁልፍ፣ ሲገጠምለት ግን አንዱ መሣሪያ የብዙዎቹን ሥራ እንደሚሠራ ያስረዳል። እኔ በትምህርት ቤት ስለ ድምፅ ሞገድ ተምሬ ተፈትኛለሁ፤ የትራምፔት ቱቦ ለምን እንደሚጠቀለል የገባኝ ግን ልጅ ወልጄ ከዚህ ፊልም ነው።

ልጄ ግን አላመነም። «ካርቱን ስለሆነ ነው» አለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከግቢው የውኃ ጎማ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቆርጠን፣ አፉ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገት በፕላስተር አሰርንበት። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ነውር ያለበት ነበር፤ ሁለቱም መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከንፈራችንን አጥብቀን መንፋት ስንለምድ ግን የሚሰማ ቀንድ ሆነ። ቀጥ አድርገን ነፋነው፤ እንደ እባብ ጠቅልለን ነፋነው፤ ድምፁ አልተለወጠም። ከዚያ ግማሹን ስንቆርጠው ወደ ላይ ወጣ። ልጄ ጎማውን አቅፎ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አባዬ፣ ሰውዬው ግንቡን የመታው ለዚህ ነዋ» አለ። አንድ አጭር ካርቱን አንድን ልጅ ከቴሌቪዥኑ አስነሥቶ ግቢ ውስጥ እንዲህ ካሠራው ሌላ ምን ምስክር እንደሚያስፈልገው አላውቅም። ጎማውን በተመለከተ ባለቤቴ የራሷ ሐሳብ አላት።

ፊልሙን መተቸት የምጀምረውም ከዚሁ ከምወደው ክፍል ነው። ለአንድ ዜማ ብዙ ቀንድ ማስፈለጉን ጉጉቱ የሚያቀርበው መፍትሔ እንደሚጠብቅ ችግር ነው። በእኛ አገር ግን እምቢልታ የሚነፉ ሰዎች ያንኑ ነገር ጥበብ አድርገውታል፤ እያንዳንዱ እምቢልታ ከአንድ ሁለት ድምፅ በላይ ስለማያወጣ ነፊዎቹ ሦስት ሆነው ይቆሙና ዜማውን ይካፈሉታል፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል፣ ሙሉው ዜማ በማናቸውም እጅ ሳይሆን በመካከላቸው ነው የሚገኘው። መለከትም እንዲሁ ቫልቭ ሳይገጠምለት በነጋሪት አጀብ ለነገሥታት ሲነፋ የኖረ ረጅም ቀንድ ነው። ፊልሙ ይህን ባለማወቁ አልወቅሰውም፤ የሙዚቃን ታሪክ ሁሉ ወደ አንድ የአውሮፓ ኦርኬስትራ መድረክ የሚያደርስ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አድርጎ ማቅረቡ ግን የዘመኑ ጉድለት ነው፤ የሚያሳየው ወላጅም እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሞ ሁለት ቃል መናገር ይኖርበታል። እኛ ጎማውን ለሦስት ቆርጠን ለእናታቸውም አንዱን ሰጥተን ሞከርነው። ዜማ ሊባል የሚችል ነገር አልወጣም፤ ተራ መጠበቅ ግን ተምረንበታል።

የፉጨቱ ክፍል ቀለል ያለ ነው፤ ሣሩ ቱቦ ይሆናል፣ ቱቦው ይበሳል፣ ቀዳዳው እየበዛ ሄዶ ክላርኔትና ሳክስፎን ይደርሳል። ዋሽንት በቤቱ ያለ ሰው አራቱን ቀዳዳዎች በጣቱ እየከፈተና እየዘጋ በዚያው ሊያሳይ ይችላል። የክሩ ክፍል ግን ከጠበቅኩት በላይ ለእኛ ቀርቦ አገኘሁት። የቀስቱ ሰው ድምፁ አልበቃ ሲለው ከቀስቱ ጋር ድምፅ ማጉሊያ ያያይዛል፤ ልጄ ይህን ሲያይ «አባዬ፣ ማሲንቆ ሊሆን ነው!» ብሎ ጮኸ። በርግጥም ማሲንቆ በፍየል ቆዳ የተወጠረ ገበታ፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክርና አንድ ደጋን ነው፤ ጉጉቱ በሰሌዳ ላይ የሚሥላቸው ነገሮች ሁሉ አሉት። ፊልሙ ከዚያ ክር እየጨመረ ወደ በገና መሰል መሣሪያዎች ይሄዳል፤ ክር ሊነካም በደጋን ሊገዘገዝም እንደሚችል ያሳያል። ባለ አንዱን ክር ማሲንቆ፣ ባለ አምስት ወይም ባለ ስድስቱን ክራርና ባለ አሥሩን በገና ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህን ክፍል ማየት ለአንድ የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

አራተኛው ክፍል፣ «ቡም»፣ የችኮላ ነው። ሦስቱን በዝርዝር ያስረዳው ጉጉት እዚህ ሲደርስ ደወሉ ሊደወልበት እንደተቃረበ መምህር ይሮጣል። ክፍተቱን መጀመሪያ ያገኘችው ልጄ ናት። ከአያቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጽናጽል ታያለች፤ ፊልሙን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ስናይ «ጽናጽል የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የደላቂው ሰውዬ ነው አልኳት። «ጽናጽል እኮ ቡም አይልም» አለች። እውነቷን ነው፤ የሚንሿሿ፣ የሚቃጨል፣ የሚጭር ነገር ሁሉ በአንድ «ቡም» ስር መታጨቁ የምደባው ደካማ ቦታ ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ፊልሙ ግብፅ ድረስ ሄዶ መመለሱ ነው፤ የጽናጽል ዘመድ የሆነው መሣሪያ በጥንታዊት ግብፅ ሐቶር ለተባለችው እንስት አምላክ አምልኮ ይንቀጫቀጭ ነበር፣ የዋሻው ሰው ግን እዚያ የብረት ቀንዱን ብቻ ይዞ ተመልሷል።

ወላጆች ቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የዋሻ ሰዎቹ ደስ ሲላቸውም ሲቀናቀኑም የሴት ፀጉር ይጎትታሉ፤ ቆመጥም ይመዛዘዛሉ። በ1953 ይህ የተለመደ ቀልድ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ሕፃን ፊት ሲታይ ግን ቀልዱ አይታይም። ልጄ «ለምንድነው የሚጎትታት?» ስትለኝ «ባለጌ ስለሆነ» ብዬ መለስኩላት፤ ከዚያ ወዲህ ቦታው ሲደርስ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ባለጌ!» ይሉታል። ለሌላ ቤት መፍትሔው ያን ቦታ ማሳለፍ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋውም መነሣት አለበት። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ የጉጉቱ ማብራሪያና ዘፈኖቹ ፈጣኖች ስለሆኑ እንግሊዝኛ የሚያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ እንኳን ግማሹን ያመልጠዋል። ስለዚህ ልጆችን ከፊቱ አስቀምጦ ወደ ማዕድ ቤት ለመሄድ የሚመች ፊልም አይደለም፤ አብሮ ተቀምጦ የሚተረጉም ሰው ይፈልጋል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠርኩትም። አራቱን ድምፆች በአማርኛ ለማለት ስንሞክር አንድ ሙሉ ምሽት ጥሩ ጨዋታ አገኘን፤ ከብዙ ክርክር በኋላ «ጡ»፣ «ፊው»፣ «ድንን» እና «ድም» ጸደቁ። ከበሮ በአማርኛ ድም ድም እንጂ ቡም እንደማይል ሁለቱም ተስማምተዋል።

ስለ ምስሉ መጠንም ላስጠንቅቅ። ይህ ሲኒማስኮፕ በተባለው የሰፊ ምስል ዘዴ የተሠራ የመጀመሪያው የዲዝኒ ካርቱን ነው፤ ወርዱ ከቁመቱ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ስለሆነ በስልክ ላይ ሲታይ እንደ ሪባን ቀጥኖ ይቀራል፣ የዋሻ ሰዎቹም ጉንዳን ያክላሉ። ዲስኩ ከመምጣቱ በፊት ማን እንደጫነው ባልታወቀ አንድ ቅጂ አይተነው ነበር፤ ግራና ቀኙ ለካሬ ማያ ገጽ ተብሎ ስለተቆረጠ ከአራት ሰዎች መካከል የሚታዩት ሁለት ተኩል ነበሩ። ኧርልና ባልደረቦቹ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ኖታ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድረዋቸዋል፤ ዳር ላይ ያለው ሲቆረጥ ዜማው የተቆረጠ ያህል ነው። ቴሌቪዥን ላይ፣ ሙሉ ወርዱን በያዘ ቅጂ፣ መብራት ቀነስ አድርጎ ማየት ይሻላል።

ሥዕሉና ሙዚቃው ለምን እንዲህ እንደተናበቡ ሳስብ ከአዘጋጆቹ የአንዱን የግል ታሪክ ማስታወስ ይጠቅመኛል። ዋርድ ኪምቦል ቀን ቀን ካርቱን ሲሥል ይውልና፣ ከስቱዲዮው ባልደረቦቹ ጋር ባቋቋመው «ፋየርሃውስ ፋይቭ ፕላስ ቱ» በተባለው የጃዝ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። ጉንጭ መቼ እንደሚነፋ፣ ትንፋሽ ሲያልቅ ትከሻ እንዴት እንደሚወርድ በራሱ አካል የሚያውቅ ሰው ነው የሣለው። ለልጆች የሙዚቃ ካርቱን የሚሠራ ቡድን አንድ እንኳን የሚጫወት ሰው ከሌለው ጣት ከክሩ አልፎ አየር ሲመታ ይታያል፤ ትልቅ ሰው ላያስተውለው ይችላል፣ ክራር የሚማር ልጅ ግን ወዲያው ያየዋል።

በአገራችንም ጥቂት ነገር ለብዙ እንደሚበቃ ያየንበት ጊዜ አለ። በ2006 በቴሌቪዥን የጀመረችው የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔ የእጅ አሻንጉሊት ነበረች፤ ፊቷ አይለዋወጥም፣ ብዙም አትዘልም፣ ሕፃናቱ ግን ስትናገር ያዳምጧት ነበር። የእኛን መሣሪያዎች ለሕፃናት በሚያስተዋውቅ ካርቱን ላይ የሚሠራ ሰው ካለ ከዲዝኒው ፊልም የጠፍጣፋውን ቀለም ከመውሰዱ በፊት ጸጥታውን ቢወስድ እመርጣለሁ።

ለማን ይሆናል ለሚለው፣ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቀንዱና ፉጨቱ ብቻ ይበቃሉ፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ላለ ሙሉው ይሆናል። ለሙዚቃ መምህራን ደግሞ በአራት ተከፍሎ ለአራት ቀን የሚሆን ትምህርት ነው። ዲስኩ የድሮ ሥራዎችን ለሚሰበስቡ የታተመ በመሆኑ አሁን እንደ ዕድል ካልሆነ አይገኝም፤ በውስጡ ያሉት ሌሎቹ ፊልሞችም ሁሉም ለሕፃናት የሚመቹ ስላልሆኑ ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

የልጄ የጽናጽል ጥያቄ ሳይመለስ አልተኛ ስላለኝ ሰሞኑን አምስተኛ የዋሻ ሰው ለመሣል ሞከርኩ። በማስታወሻ ደብተር ጥግ ላይ፣ ገጹ በአውራ ጣት ሲገለባበጥ የሚንቀሳቀስ፣ አርባ ገጽ ያህል ሣልኩት፤ እንደነሱ ጠፍጣፋ፣ እንደነሱ ጥቂት መስመር፣ እጁ ላይ ጽናጽል። ሳገላብጥላት በጥሞና አየችና «አሁን ምን እያደረገ ነው?» አለችኝ። ገና አልጀመረም፣ እየተዘጋጀ ነው አልኳት። «ታዲያ ካልጀመረ ለምን ይወዛወዛል?» ብላ ደብተሩን መለሰችልኝ። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አሥራ አንዱን ቀድጄ በአንድ ዝም ብሎ በቆመ ሥዕል ተካኋቸው፤ ዛሬ ማታ ደግሞ አሳያታለሁ።